ፍሬን አይበጠስም

ባለፈው ክረምት መውጫ ላይ ሦስት ሆነን ከሸዋሮቢት ወደ አዲስ አበባ እየተመለስን ነበር። መኪናዋ የአንዷ ጓደኛችን አጎት ንብረት የሆነች ዲኤክስ ኮሮላ ናት፤ ዕድሜዋ ከሦስታችንም ይበልጣል። ደብረ ሲና ሳንደርስ፣ ዳገቱ መሐል ላይ፣ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ተነሣ። የሙቀት መለኪያው መርፌ ቀዩን ካለፈ ቆይቷል ለካ። እኛ ግን በዘፈን ምርጫ እየተጨቃጨቅን ማን መርፌ ያያል? ቆምን። ኮፈኑን ለመክፈት የሚሳበውን እጀታ ፍለጋ ብቻ አምስት ደቂቃ ፈጀብን። (አትሳቁ። የእናንተ የት እንዳለ ታውቃላችሁ?)

አንድ የጭነት መኪና ከኋላችን ቆመ። ስድሳውን ያለፉ ሾፌር ወረዱ። «ጋሼ» አልናቸው፤ «ልጆቼ» አሉን። ጓደኛችን የራዲያተሩን ክዳን በሻርፕ ይዛ ልትከፍት ስትል «እንዳትነኪው! ፊትሽን ሊልጥሽ ነው?» ብለው ጮኹባት። ከዚያ ጥያቄያቸውን ጀመሩ። ውሃ መቼ አየሽ? ዘይትስ? ትናንት ቁልቁለቱን በስንተኛ ማርሽ ወረዳችሁ? ፍሬኑ ሸትቷችሁ ነበር? ስኮርታ ጎማው ነፋስ አለው? ከአምስቱ አንዱን ብቻ መለስን። አዎ፣ ሸትቶን ነበር። የሆነ ነገር ሲቃጠል የሚሸት የመሰለ ሽታ። ከውጭ የመጣ መስሎን መስኮት ዘጋን።

ሰውዬው አልሳቁብንም። «ፍሬን አይበጠስም ልጆቼ» አሉ። «መጀመሪያ ይሸታል። ከዚያ ይለሰልሳል። ከዚያ እምቢ ይላል። ሰው ግን ሁለቱን ሳይሰማ ሦስተኛው ላይ ተበጠሰ ይላል።»

እዚህ ላይ አንድ ኑዛዜ እናቅርብ። ከሦስታችን ሁለታችን ጋዜጠኝነት ተምረን የተመረቅን ነን። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት ሲባል ነው አራት ዓመት የከረምነው። ሆኖም «ተሽከርካሪው ፍሬን በጥሶ» የምትለዋን ሐረግ ስንጽፍ ወይም ስናነብ «ለምን?» ብለን ጠይቀን አናውቅም። ልክ እንደ መብረቅ ከሰማይ የወረደ ነገር አድርገን እናልፋታለን። ፍሬን በጠሰ፤ አለቀ፤ የሟቾች ቁጥር ይከተላል።

ሰውዬው ሞተሩ እስኪበርድ ሦስት ሩብ ሰዓት አብረውን ተቀመጡ። ያኔ ነው ወሬው የመጣው። በልጅነታቸው በኤንትሬ ላይ ረዳት ሆነው እንደጀመሩ፣ መሪ ከመያዛቸው በፊት ዓመታት መኪና ሥር ተኝተው እንዳሳለፉ፣ ያኔ መኪና የማይጠግን ሰው ሾፌር እንደማይባል ነገሩን። ወደ ቤት ስንመለስ ይቺን የመጨረሻዋን ነገር ማላመጥ ያዝን። እውነት መንዳትና መጠገን አንድ ሙያ ነበሩ? ከሆኑስ መቼ ነው የተለያዩት? እኛስ መቼ ነው እጀታ ፈላጊ የሆንነው?

ነገሩ ከስሙ ይጀምራል። «ሾፌር» ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ነው፤ ትርጉሙም ነጂ ማለት አይደለም። «አሟቂ» ማለት ነው፤ የእንፋሎት ሞተር ማንደጃ ውስጥ እሳት የሚያነድ፣ ሙቀቱን የሚጠብቅ ሰው። ቤንዚን መጥቶ እሳቱ ሞተር ውስጥ ሲደበቅ ስሙ ብቻ ቀረ። እኛም አገር «ባቡር» የሚለው ቃል ከእንፋሎት ጋር ነው የገባው፤ ለዚህም ነው የእህል ወፍጮውም፣ ሐዲድ ላይ የሚሄደውም፣ መንገድ የሚዳምጠውም ሁሉ ባቡር የተባለው። ሰርኪስ ተርዚያን የተባለው አርመናዊ በ1890ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ወደ አዲስ አበባ ያስመጣው የመንገድ መዳመጫ የእንፋሎት ሞተር «የሰርኪስ ባቡር» ተብሎ ስሙ እስከ ዛሬ አለ። (ዓመተ ምሕረቶቹን በእኛው አቆጣጠር ነው የምንጽፈው፤ ከእኛ ሲወጣ እንናገራለን።)

የመጀመሪያዋ አውቶሞቢል በ1900 ዓ.ም. ገባች። ያመጣት ቢድ ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ነው። ከታዋቂው የመኪና ኩባንያ ጋር አታምታቱት፤ እንዲያውም መኪናዋ ሲድሌይ ትባላለች። መንገድ በሌለበት አገር ከባሕር ጠረፍ ተነሥታ በከፊል እየተነዳች፣ በከፊል እየተገፋችና እየተጎተተች አዲስ አበባ ደረሰች። አጼ ምኒልክም ተሳፈሩባት። ክሊፎርድ ሃሌ የተባለ ጸሐፊ ስለዚሁ ጉዞ እ.ኤ.አ. በ1913 መጽሐፍ አሳትሟል። ብዙም ሳይቆይ አርኖልድ ሆልትስ የተባለ ጀርመናዊም ሌላ መኪና ይዞ መጣ። ጉዞውን ስታስቡት አንድ ነገር ግልጽ ነው። በረሃ ላይ ጋራዥ የለም። ያቺን መኪና የነዳ ሰው ጎማዋንም፣ ውሃዋንም፣ ዘይቷንም የሚያውቅ መሆን ነበረበት። በመጀመሪያው ቀን ነጂና ጠጋኝ አንድ ሰው ነበሩ። በዚያው በመጀመሪያው ቀን ግን ሌላም ነገር ተጀምሯል፤ ከኋላ የሚቀመጠው ጌታ ምንም ማወቅ አይጠበቅበትም። ይህቺን ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

ዕውቀቱ በገፍ የመጣው በክፉ ጊዜ ነው። ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን በያዘበት ዘመን ጦሩንና ስንቁን ለማጓጓዝ መንገድ ቆረጠ፤ እኛ የቆምንበት ዳገት አናት ላይ ያለውን የጣርማበርን ዋሻም የበሳው ያኔ ነው። በመንገዱ ላይ ፊያትና ላንቻ የጭነት መኪኖች ፈሰሱ። መኪና ሲፈስ ጎማ ይፈነዳል፣ ሞተር ይግላል፣ ስለዚህ ጋራዥ ተከፈተ፤ ጋራዥ ሲከፈት ቁልፍ የሚያቀብል ልጅ ተፈለገ። ይህን የምንለው ወራሪን ለማመስገን አይደለም፤ ጦሩ ያመጣው ብዙ ሌላ ነገር እንዳለ ማንም አይረሳም። ጣሊያን ከተሸነፈ በኋላ ግን አጼ ኃይለ ሥላሴ ባለሙያ የሆኑ ጣሊያኖች እንዲቀሩ ፈለጉ፤ ከቀሩትም ብዙዎቹ በየከተማው ጋራዥና ወርክሾፕ ይዘው ኖሩ። በኤርትራ በኩልም ከዚያ ቀደም ብሎ በቅኝ ግዛቱ ዘመን የተማሩ መካኒኮች ነበሩ። በ1934 ዓ.ም. ተግባረዕድ ትምህርት ቤት ተከፈተና ሙያው በክፍል ውስጥም ይሰጥ ጀመር። አብዛኛው ልጅ ግን የተማረው በክፍል ሳይሆን በጋራዥ ወለል ላይ ነው።

ይህን በምን እናውቃለን? በቃላቱ። ኮፈኑን ክፈቱና ስም ጥሩ፦ ግማሹ ጣሊያንኛ ነው። የሚገርመው ግን ቃላቱ ጣሊያንኛ መሆናቸው ሳይሆን በጣሊያንኛ ተራ የቤት ቃላት መሆናቸው ነው። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው፤ ሲሊንደር ውስጥ ብልጭ የምትል ሻማ። ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ናት። ባሌስትራ ቀስት መወርወሪያ ነው፤ የጭነት መኪናን የኋላ ባሌስትራ አይታችሁ ከሆነ ለምን እንደሆነ ይገባችኋል። ማርሚታ ድስት ነው። ሞተሪኖ ትንሿ ሞተር፣ ትልቋን ቀስቅሳ የምታርፍ። ኮፈን ሣጥን። ፍሬቻ ፍላጻ ነው፤ በድሮ መኪኖች ላይ ፍሬቻ መብራት ሳይሆን ከጎን ብቅ የምትል እውነተኛ ቀስት ነበረች። ከለመዳሪ «ካሜራ ዳሪያ» ነው፣ የአየር ክፍል። እና ያቺ የምታስፈራን ጓርኒሲዮን? ማስጌጫ፣ ጠርዝ ማልበሻ እንደማለት ነው፤ ጣሊያኖች ምግብ ጎን ለምትቀመጠው ቅጠላ ቅጠልም ይሏታል።

ለጣሊያኑ መካኒክ እነዚህ ቃላት ራሳቸው ትምህርት ነበሩ። «ትራሷ አልቃለች» ሲል ምን እንደሚያደርግ ስሙ ይነግረዋል። ለእኛ ልጅ ግን ድምፅ ብቻ ነበሩ። የሰማውን ይዞ ሮጠ፤ «ፖርታባጋሊ» ፖርቶመጋላ፣ «ሰርባቶዮ» ሰልባቲዮ ሆኑ። በወረቀት የመጣ ቃል እንዲህ አይጣመምም። ከአፍ ወደ ጆሮ፣ በጩኸት፣ ምናልባትም ከኩርኩም ጋር የተላለፈ ቃል ነው እንዲህ የሚሆነው። ልጁ ትርጉሙን ከቃሉ ሳይሆን ከእጁ ተማረ። ስለዚህም ዕውቀቱ ከእጅ ውጭ አልወጣም። መኪና ሥር ላልተኛ ሰው ጓርኒሲዮን እስከ ዛሬ ድረስ የጥንቆላ ቃል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሁለት ወንበሮች ታሪክ ነው። ከፊት ሾፌሩ፣ ከኋላ ባለመኪናው። የአገር አቋራጭ ጭነት ሾፌሮች፣ የትሬንታ ኳትሮዎቹና የኤንትሬዎቹ ሰዎች፣ ዕውቀቱን ያዙት፤ ረዳት ይዘው አስተማሩት። ረዳት መሆን ማለት ጎማ መቀየር፣ ውሃ መሙላት፣ ዳገት ላይ ጎማ ሥር ድንጋይ መወርወር፣ ፍሬን ማሽተት ነበር። «ዳገቱን በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ» የሚለው ደንብ ከዚያ ነው የመጣልን። የዓባይን በረሃ ከጎሃ ጽዮን ወደ ድልድዩ የወረደ ሁሉ ይህ ደንብ ምን ያህል ነፍስ እንዳተረፈ መገመት ይችላል። የቤት መኪና ሾፌሮችም እንዲሁ ጧት ጧት ኮፈን ከፍተው ያያሉ። ባለመኪናው ቁርሱን ይበላል።

ከዚያ ከፊትም ከኋላም ራሱ የሆነ ሰው መጣ። ሰይቼንቶና ቮልስ የገዛው የቢሮ ሠራተኛ። ቮልስ ደግሞ ለጀማሪ አዛኝ ናት፤ ሞተሯ በአየር ስለሚቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፣ ውሃ የሚረሳ ሰውን አትቀጣም። ሰይቼንቶዎቹ ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው ታክሲ ሆኑ። በየካቲት 1966 ቤንዚን ሲወደድ ሥራ ያቆሙት የታክሲ ሾፌሮች የአብዮቱ አንድ መጀመሪያ መሆናቸውን ታሪክ የተማረ ያውቃል፤ ያ ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል። በደርግ ዘመን ላዳ መጣች። ስለ ላዳ ብዙ ቀልድ አለ፤ እኛ ግን አንድ ነገር እናክብርላት። ከፋብሪካ ስትወጣ ሙሉ የመፍቻ ዕቃ ይዛ፣ ባትሪ ሲደክም በእጅ የሚዞር ማስነሻ ብረት ሳይቀር ተሰጥቷት ነበር የምትወጣው። ሠሪዎቿ «ትበላሻለች፣ አንተም ትጠግናታለህ» ብለው በግልጽ የተናገሩ ያህል ነው። መለዋወጫ በጠፋበት ዘመን ባለላዳው ሳይወድ በግዱ ተማረ። ከአባቶቻችን መካከል ቅዳሜ ጧት ካርቡራተር ፈትተው በቤንዚን ሲያጥቡ የምናስታውሳቸው ያኔ የተማሩ ናቸው። ለወንድ ልጃቸው «ና ያዝልኝ» ይላሉ። ለእኛ «ልብስሽ ይበላሻል፣ ሂጂ ግቢ» ይሉናል።

ከዚያ ኮሮላ፣ ከኮሮላ በኋላ ደግሞ ቪትዝ። ጃፓኖቹ ያበላሹን በደግነታቸው ነው። የማይበላሽ መኪና ባለቤቱን አያስተምርም። ቁልፍ ማዞር፣ መሄድ፣ ቀኑ ሲደርስ «ሰርቪስ» መስጠት። በዚህ መካከል በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን እጅግ አስወደደው፤ ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችውን አሮጌ መኪና ይዞ መቆየት የብዙ ሰው ዕጣ ሆነ። እንግዲህ እዩት፦ መኪናዎቹ እያረጁ ሄዱ፣ ነጂዎቹ ደግሞ ከኋላ ወንበር ጌታ ያላነሰ አላዋቂ ሆነው ከፊት ተቀመጡ። ያዙልን ያልናችሁ እሱ ነው። የሾፌሩን ወንበር ወረስን፤ ያቺን የጧት ኮፈን መክፈቱን አልወረስንም።

አለማወቃችን ስንት እንደሚያስከፍል ከራሳችን እንንገራችሁ። ያቺ ዲኤክስ። ጋሼ እዚያው መንገድ ላይ የራዲያተሯን ክዳን፣ ከበረደ በኋላ፣ አገላብጠው አይተው «ልጆቼ፣ ጎማው ደርቋል፣ ክዳኑን ቀይሩ» ብለውን ነበር። እኛ ግን ትንሽ ክዳን ያን ሁሉ ጭስ ያመጣል ብለን አላመንንም። አዲስ አበባ አንድ ጋራዥ ወሰድናት። መጀመሪያ «ባለቤትሽ አልመጣም?» ተባልን። ቀጥሎ አንዱ ለአሥር ሰከንድ አይቷት «ጓርኒሲዮን ናት፣ ቴስታታው ይወርዳል» አለ። ራሳችንን ነቀነቅን። የማታውቁትን ቃል የሚናገር ሰው ፊት ራስን ከመነቅነቅ ሌላ ምን ይደረጋል? ሦስታችን አዋጥተን ከፈልን። በሳምንቱ መኪናዋ እንደገና ፈላች። ሌላ ቦታ ያየልን ሰው ክዳኗን ቀየረ። በቃ። ዋጋው ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ለምን እንደሆነ ኋላ አንብበን ስንረዳ በንዴት ነበር። ውሃ በባሕር ወለል ላይ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነች እዚህ በ92 አካባቢ ይፈላል፤ ሽሮ እያበሰልን ኖረን አናውቀውም ነበር። ሞተር ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ወደ 90 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት ነው። በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት አስሉት፤ የለም ማለት ይቀላል። ያን ልዩነት የሚፈጥረው ክዳኑ ነው። እንፋሎቱን አፍኖ ግፊት ሲፈጥር ውሃው ከ110 ዲግሪ በላይም ሳይፈላ ይቆያል። የክዳኑ ጎማ ከደረቀ ግፊት የለም፤ ግፊት ከሌለ ዳገት ላይ ይፈላል። ሞተሩ ግሎ ሳለ የምትከፍቱት ደግሞ ያ የታፈነ ውሃ በአንድ ጊዜ እንፋሎት ሆኖ ፊት ላይ ይመጣል። ጋሼ የጮኹት ለዚህ ነው። እውነተኛ የጓርኒሲዮን ችግር ከሆነም ብዙ ጊዜ በዓይን የሚታይ ምልክት አለው። ሞተሩ ጠፍቶ፣ ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ ስታዩ ዘይቱ ማኪያቶ መስሎ ከወጣ ውሃ ገብቶበታል። (ማኪያቶም ጣሊያንኛ ነው። ያንን ግን ትርጉሙን ሳናጣራ እንኳ መልኩን እናውቃለን።) የእኛዋ ዘይት ንጹሕ ነበር። አንድ ጨርቅና ግማሽ ደቂቃ ያን ሁሉ ገንዘብ ሊያተርፍልን ይችል ነበር።

የፍሬኑም ነገር እንዲሁ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ፍሬን ዘይቱ ግፊቱን ወደ ጎማዎቹ ያደርሳል፤ እዚያ የፍሬን ሸራው ብረቱን ይይዛል። ረጅም ቁልቁለት እግር ሳይነሣ ከተረገጠ ሸራው ይግላል፤ ያቺ ሽታ እሱ ነው። የጋለ ሸራ መያዝ ይቀንሳል። ፍሬን ዘይት ደግሞ እየቆየ ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ በየሁለት ዓመቱ ገደማ ይቀየር የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ያረጀ ዘይት ሙቀቱ ሲደርሰው ይፈላል፣ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል። ፔዳሉ ይለሰልስና ወለሉን ይነካል። በትልልቆቹ የጭነት መኪኖች ላይ ፍሬኑን የሚገፋው ዘይት ሳይሆን አየር ነው፤ ሸራው መጋሉ ግን አይቀርም። ይሸታል፣ ይለሰልሳል፣ እምቢ ይላል። በሦስቱ መካከል ሁለተኛ ማርሽ የሚያስገባበት ጊዜ አለ፤ ዳር ይዞ ቆሞ የሚያበርድበት ጊዜ አለ። «በጠሰ» የምትለዋ ቃል እነዚያን ደቂቃዎች ከታሪኩ ውስጥ ታወጣቸዋለች። ስለዚህ ከእንግዲህ ዜና ስንጽፍ ቢያንስ «ፍሬን እምቢ ብሎት» ልንል ወስነናል። አርታኢዎቻችን ይወቁን።

አሁን እሑድ ጧት ሦስታችንም ኮፈን እንከፍታለን። ውሃ፣ ዘይት፣ ፍሬን ዘይት፣ ጎማ። ጎማ ላይ አራት አኃዝ ያለባት ጽሑፍ እንዳለች ታውቃላችሁ? 2319 ካለ እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ ጎማ ሁሉ ወጣት አይደለም። የእኛዋ ስኮርታ ከእኛ አንዷ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ስትጀምር የተሠራ ሆኖ ተገኘ። የሠፈሩ ልጆች መጀመሪያ ቆመው ያዩን ነበር፤ አሁን ለምደውናል። ጎሚስታውም «እህቶቼ፣ ዛሬ ስንት ልሙላ?» ይለናል፤ ባለቤት አይጠይቀንም።

ከመካከላችን አንዷ ደግሞ «ይሄ ሁሉ ለምን? በጥር 2016 በነዳጅ የሚሄድ አውቶሞቢል እንዳይገባ ተከለከለ፣ ነገ ሁሉም ኤሌክትሪክ ነው» ትለናለች። ልክ ናት፤ በኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለም፣ ፍሪሲዮን የለም፣ ማርሚታ የለም። ከጋራዡ መዝገበ ቃላት ግማሹ ሊሞት ነው። ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬቻና ፍሬን ግን ይቀራሉ። ቁልቁለቱም ይቀራል። የኤሌክትሪክ መኪና ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ የያዘውንም ጉልበት ወደ ባትሪ ይመልሰዋል፤ ግሩም ነገር ነው። ባትሪው ሙሉ ከሆነ ግን የሚመልስበት ቦታ ስለሌለ ይህ መያዙ ይደክማል፣ ሸክሙም በፍሬን ሸራው ላይ ይወድቃል። ደብረ ብርሃን ላይ መቶ በመቶ ሞልቶ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ የሚወርድ ሰው ይህን ማወቅ አለበት። ጋሼን እዚያ መንገድ ላይ ብናገኛቸው ጥያቄያቸው አምስት መሆኑ ቀርቶ ስድስት ይሆናል ብለን እናስባለን፦ ባትሪሽ ስንት ሞልቷል ልጄ?